ጅብ ያለበት ጋሻ

ልጄ «የእናቴ ወገን ባዶ ነው» ስትል የሰማኋት ሳሎን ውስጥ ልብስ እያጠፍኩ ነው። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእኔም አልነበረም። በፈረንጆቹ 2020 መኸር ትምህርት ቤቱ በኮሮና ተዘግቶ ክላስ በላፕቶፕ ሆኖ ነበር፤ የእሷ ክላስ ደግሞ የምግብ ጠረጴዛችን ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ወረቀት ካሜራው ፊት ከፍ አድርጋ ይዛ ለአስተማሪዋና ለክላሱ ልጆች ታስረዳለች። ወረቀቱ ላይ ትልቅ ጋሻ ተሥሏል። ጋሻው ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በኩል ዘውድ የደፋ ቢጫ አንበሳ። በሌላው በኩል ምንም።

«ይሄ የአባቴ ወገን ነው» አለች። «አንበሳ ጀግንነት ነው፤ ቢጫው ወርቅ ነው፤ ወርቅ ማለት ለጋስነት ነው። የእናቴ ወገን ባዶ ነው። ምንም የለንም ብላኛለች።»

አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት። «ምንም አይደል የኔ ቆንጆ፣ እንደዚያም ይሆናል» ብላ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች።

ልጄ አላፈረችም፤ አልተናደደችም። የሆነውን ነው የተናገረችው። ያቃጠለኝም እሱ ነው። አንድ ሰው ሊሰድበኝ ብሎ ባዶ ነሽ ቢለኝ መልስ አላጣም። የገዛ ልጄ ያለ አንዳች ክፋት፣ ያልኳትን አምና፣ እናቴ ምንም የላትም ብላ ለሰው ስትናገር ግን ምን ይመለሳል? ያጠፍኩትን የባለቤቴን ሸሚዝ ዘረጋሁና እንደገና አጠፍኩት።

ነገሩ የጀመረው ከሳምንት በፊት ነው። አስተማሪዋ ስለ ድሮ የአውሮፓ ባላባቶች እያስተማረቻቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ የቤተሰቡን አርማ በጋሻ ላይ ሥሎ እንዲያመጣ አዘዘች። ባላባቱ ጦርነት ሲወጣ ፊቱ በብረት ስለሚሸፈን ማንነቱ የሚታወቀው ጋሻው ላይ ባለው ሥዕል ነበር፤ ሥዕሉ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ ሁለት ቤት ሲጋባ ጋሻው ለሁለት ተከፍሎ የሁለቱም ወገን ይገባበታል። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ልጄ ናት። ከወረቀቱ ጋር ዝርዝርም ተሰጥቷቸዋል፤ ንስር አርቆ ማየት፣ ድብ ጥንካሬ፣ ሰማያዊ ታማኝነት፣ ጥቁር ጽናት እያለ ይቀጥላል። በስማችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ ስለተባሉ በአያቷ ስም ፈለገች። አልተገኘም የሚል መጣላት።

ባለቤቴ በዚህ ሳቀ፤ መኪና ውስጥ አስገብቶ ሞርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ ወዳለው የእህቱ ሱቅ ወሰዳት። እህቱን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከእኛ በፊት በስደተኝነት አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ገብተው፣ የሰው ቤት አጽድተው፣ በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላና የስልክ ካርድ የሚሸጡበት ሱቅ የከፈቱ ሴት ናቸው። ሬይኖልድስበርግ ያለውን ቤታችንን አብረውን ዞረው የመረጡት እሳቸው ናቸው። ልጄን ስወልድ ሱቁን ለሰው ትተው አርባ ቀን አራስ ቤት አብረውኝ ተቀምጠዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሚመጣው ነገር በአንባቢ ፊት እንዳያጣምማቸው ነው። ሱቃቸው ውስጥ፣ ከሂሳብ መቀበያው በላይ፣ ዘውድ የደፋ አንበሳ በወርቃማ ክፈፍ ተሰቅሏል። ቅድመ አያታቸው ደጃዝማች ነበሩ ይላሉ። ልጄን «ያንቺ አርማ ይኸውልሽ፤ ኢንተርኔት ምን ያደርግልሻል!» ብለው አንበሳውን በስልኳ ፎቶ አስነሷት።

ቤት ስትመለስ «ማሚ፣ ያንቺስ?» አለችኝ።

«ገበሬ» አልኳት።

«ገበሬ ምን አለው?»

«ምንም። ተዪው።»

ገበሬ አልነበርንም። ገበሬ ለመሆን መሬት ያስፈልጋል፤ ለእኛ ወገን መሬት አይሰጥም ነበር። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። በአገራችን ጠይብ ይሉናል። ጠይብ ማለት ባለ እጅ ማለት ነው። ሰው ግን ቃሉን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ከኋላው ስላለው ሌላ ቃል ነው፤ ቡዳ። ዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ሲመሽ ጅብ የሚሆን።

ያን ቀን ልጄ ላፕቶፑን ስትዘጋ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ባዶ አይደለም» አልኳት። «ዋሽቼሻለሁ።»

እናቷ ዋሸሁ ስትል ሰምታ አታውቅም። ወንበሯን አዙራ አየችኝ። ነገርኳት።

ቤታችን ከመንደሩ ተነጥሎ ወንዝ አፋፍ ላይ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል የአካባቢው ገበሬ ማረሻውን ተሸክሞ ደጃችን ይሰለፋል። እኔ ወናፍ እነፋለሁ፤ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፣ አንዱን ስጫን ሌላውን አነሳለሁ፣ እሳቱ እንዳይተኛ። አባቴ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ይቀጠቅጣል። አገሩ የሚያርሰው፣ የሚያጭደው፣ እንጨት የሚፈልጠው በእሱ እጅ ሥራ ነበር። የደብሩን የእጅ መስቀል የሠራውም እሱ ነው። ቄሱ ያንን መስቀል ሲዘረጉ ሕዝቡ ተራ እየጠበቀ ይሳለማል። ያው ሕዝብ ሠርግ ላይ ለአባቴ ጠላ የሚቀዳለት በተለየ ቅል ነው፤ ጠጥቶ ሲሄድ ቅሉ ይሰበራል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አብራኝ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ታመመች። ዛሬ ሳስበው ወባ ነው። እነሱ ግን አጠኗትና «ማን ነው የበላሽ?» አሏት። የአባቴን ስም ጠራች። ሰዎች መጥተው አባቴን ከእሳቱ ፊት አስነሱት፤ እኔም ተከተልኩ። ልጅቷ የተኛችበት አቁመው «እንትፍ በልባት» አሉት፤ የበላ ሰው እንትፍ ካለ ይለቃል ይባላል። አባቴ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ አየ። ማረሻ ያልሠራለት ሰው እዚያ አልነበረም። አንድ ነገር ሊናገር ነው ብዬ አፉን አፉን አየሁት። አልተናገረም። እንትፍ አለ።

ልጅቷ ዳነች። የባሰብን መዳኗ ነው። ይኸው ለቀቃት ተባለ፤ ተረጋገጠብን። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ልጆች እኔ ስመጣ ምሳቸውን በክንዳቸው ይሸፍናሉ። ከአገር የወጣሁት በሌላ ምክንያት ነው። ካርቱም ስደርስ ግን «የየት አገር ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ የሌላ አውራጃ ስም ጠራሁ፤ እስከ ኦሃዮ ድረስ ያንኑ ስጠራ ኖርኩ።

ልጄ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ታለቅሳለች ወይም ታፍራለች ብዬ ነበር። ፊቷ ግን የተቆጣ ሰው ፊት ሆነ።

«ዌይት» አለች። «ሁሉንም ነገር የሚሠራላቸው እሱ ነው?»

«አዎ።»

«እና ምን ይሆናል አሉት?»

«ጅብ።»

«ዛት ኢዝ ሶ ስቱፒድ» ብላ እርሳሷን አነሳችና ባዶው ግማሽ ላይ መሣል ጀመረች።

«ጅብ አትሣዪ!» አልኳት። «መዶሻ ሣዪ። ጅብ እኮ ስድብ ነው።»

«ላንቺ ሰጡሽ አይደል?» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ከሰጡሽ ያንቺ ነው። መልሰው አይወስዱትም።»

ይህን ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን የደበቅኩትን ነገር በአንድ ከሰዓት እንደ ማንኛውም ዕቃ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደ ኩሽና ሄጄ ውኃ ጠጣሁ። እንባዬ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ የመጣው ንዴት ነው። አባቴ ላይ፣ ለምን ዝም አልክ ብዬ። ከዚያ በራሴ ላይ። ዝምታውን ከእሱ ወርሼ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጄ ሳወርሳት ኖሬያለሁ።

ስመለስ የሣለችውን አየሁ። ውሻ ነው።

«ጅብ እንዲህ አይደለም» አልኳት። «ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ይላል። አንገቱን አወፍሪው። ጆሮውን ክብ አድርጊው።»

አጠፋችና እንደገና ሣለች። ሦስተኛው ላይ ጅብ ሆነ።

የተሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ ጅብ ስለሌለ ትርጉሙን ራሷ መጻፍ ነበረባት። ስለ ጅብ ስታነብ ቆይታ እየጮኸች መጣች፤ «ማሚ! አለቃዋ ሴቷ ናት! ወንዶቹ የሚበሉት ከኋላ ነው!» ከጅቡ በታች መዶሻ፣ ከመዶሻው በታች የተቀጣጠለ ከሰል ሣለች። ከሥዕሎቹ ኋላ ያለውን መደብ ጥቁር ቀባችው። በዝርዝሩ ጥቁር ጽናት ነው፤ እኔ ያየሁት የአባቴን መዳፍ ነው። ከጋሻው ሥር የቤተሰቡ መፈክር የሚጻፍበት ሪባን አለ። የአባቷ ወገን መፈክር አልነበረውም።

«ያንቺስ አለው?» አለችኝ።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ። አባቴ ያን ቀን ሊናገር ፈልጎ የዋጠው ይህ ይመስለኛል፤ «ማረሻችሁን ማን ሠራው?»

በተንጋደደ ፊደሏ ‹ማረሻቹን ማን ሰራው› ብላ ጻፈችው። አላረምኳትም።

ባለቤቴ በቫን ዕቃ የሚያደርስ ሾፌር ነው። ራት ላይ ሲገባ ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጁን ሳይታጠብ ቆሞ አየው። እሱ ያውቃል፤ ካርቱም እያለን፣ ከመጋባታችን በፊት ነግሬዋለሁ። ያኔ ሁለት ነገር ብሎኝ ነበር። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም» አለኝ። ቀጥሎ «ለእትዬ ግን አትንገሪያቸው» አለኝ። በመጀመሪያው ወደድኩት፤ በሁለተኛው አሥራ አምስት ዓመት ኖርኩ።

«እትዬ ያዩታል» አለ።

«ይዩት።»

«ሰው ይርቀናል።»

«እስካሁን የቀረበን ሰው እኔን አልቀረበም» አልኩት። «የሌላ አውራጃ ሴት ነው የቀረበው።»

ታጥቦ መጣና በላ። አልደገፈኝም፤ አልከለከለኝምም። በማግስቱ ልጄ ሥዕሉን እንደገና ለአስተማሪዋ አሳየች፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ክፈፍ ገዝቼ የመግቢያው በር ፊት ለፊት ሰቀልኩት።

ያን ክረምት ማንም ወደ ማንም ቤት ስለማይሄድ የምናየው እኛው ነበርን። በሚቀጥለው ዓመት ለፋሲካ፣ ሰው ተከትቦ መተያየት ሲጀምር፣ እትዬ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። በሱቁ የምታግዛቸው ወጣት እናትም ሕፃኗን አቅፋ አብራቸው መጣች። በወሬና በጨዋታ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ምግብ ቀርቦ መብላት ከጀመሩ በኋላ ነው እትዬ ቀና ያሉት። አንበሳውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጎን ሄደ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ውሻ ነው?»

«ጅብ ነው፣ እትዬ» አለች ልጄ በኩራት። «የማሚ ወገን ነው። አያቴ ብረት ነበር የሚሠራው፤ ሰዎቹ ደግሞ ጅብ ነህ አሉት፤ ስለዚህ…» ቀሪውን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። እትዬ እንግሊዝኛው አልከበዳቸውም። ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

ዓይናቸውን እያየሁ መለስኩ።

«እውነት ነው እትዬ። አባቴ ጠይብ ነው።»

ሳህኑን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ በጣም ቀስ ብለው። ወጣቷ እናት የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ምንም አላለችም፤ ነጠላውን ብቻ ሳብ አደረገች። ያንን የእጅ እንቅስቃሴ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ባሕር ተሻግሮ ሳሎኔ ውስጥ አገኘኝ።

«አርባ ቀን!» አሉ እትዬ። «ልጅሽን አቅፌ፣ ካንቺ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር፣ አርባ ቀን!»

«ታዲያ ምን ሆኑ እትዬ?»

ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ፤ ወጣቷም ሕፃኗን አቅፋ ተከተለቻቸው። ልጄ በሩ ሲዘጋ «ምን አጠፋሁ?» አለች። «ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። «ጥያቄ ጠየቁ፤ መለስሽ።»

ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ሞርስ ሮድን ጨርሶ እኛ ሰፈር ገባ። ወደምንሠራበት ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን፣ በእኔ መኪና አብራኝ የምትሄድ ጎረቤቴ ሺፍት ቀየርኩ አለችኝ። አልቀየረችም፤ በየቀኑ ፓርኪንጉ ላይ አያታለሁ። ልደት የሚጠሩን ሰዎች መጥራት ረሱ። ባለቤቴ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ከሰው ጋር ቆሞ ማውራት ትቶ ቀጥታ ወደ መኪናው ይመጣል። አልከፋኝም ብል እዋሻለሁ፤ መኪና ውስጥ ብቻዬን ብዙ አልቅሻለሁ። ነገር ግን ዓይኔን አብሼ ሥራ ስገባ አንገቴ ቀና ይል ነበር። የሰው ፊት እያየሁ «ያውቅ ይሆን?» የምለው ነገር አበቃ። አዎ፣ ያውቃል።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። እትዬ ናቸው የላኳቸው። አንደኛው በቤተክርስቲያን የተከበሩ፣ ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ናቸው። ሁለተኛው ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሶፋው ላይ፣ ሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ባለቤቴ ጥግ ላይ መሬት መሬት እያየ ተቀምጧል። ሻይ ሳቀርብ ጋሼ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ያዙት፤ አልቀመሱም።

«ልጄ» አሉ። «እኛ በዘር ለመፍረድ አልመጣንም። አሜሪካ ነው ያለነው። ሁላችንም ሠርቶ አዳሪ ነን። ይህን ነገር ዛሬ ማን ያምነዋል?»

«ታዲያ ለምን መጡ ጋሼ?»

«ለሰላም ነው። እትዬ እናት ናቸው፤ ተጎድተዋል። ሥዕሉን ብቻ አውርጂው። ሌላው በጊዜ ይረሳል።»

«ሥዕሉ ግማሹ አንበሳ ነው፣ ግማሹ ጅብ። የትኛውን ላውርድ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ይንገሩኝ።»

«ጅቡን» አሉ፤ መናገሩ ደስ አላላቸውም።

«አንበሳ ሰው አይበላም ጋሼ?»

ያልቀመሱትን ብርጭቆ ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩት።

«አንበሳ ሰው ይበላል። ግን በአንበሳ የሚመካ ሰው መጣ ብሎ የልጁን ፊት የሸፈነ አላየሁም። እኔ አንበሳውን አውርዱ አላልኩም፤ ሽማግሌም አልላክሁም። የባሌ ቅድመ አያት ጦር ሜዳ ሰው ገደሉ ተብለው ዘውድ ያለው አንበሳ አገኙ። የኔ አባት ማረሻ ሠራ። የማፍረው በየትኛው ነው? እርስዎ የሚሳለሙትን መስቀል ማን እንደ ቀጠቀጠው ጠይቀው ያውቃሉ? ሻዩም ይቀዘቅዛል፤ ጠጡት ወይም መልሱልኝ።»

ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ቀና አለ፤ ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ጅቡ ከወረደ አንበሳውም አብሮ ይወርዳል» አለ። «ጋሻው አንድ ነው፤ ቤቱም አንድ ነው። ለእህቴ እንዲህ አለ በሉልኝ።»

ተጋብተን ከኖርንበት ዓመት ሁሉ በጣም የወደድኩት ያን ሰዓት ነው። ጋሼ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው ተነሡ። ሁለተኛው ሽማግሌ ግን ሻያቸውን እስከ ጭላጩ ጠጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉ አጠገብ ቆሙ። ሪባኑን ድምፅ እያሰሙ አነበቡት። ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታያለች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሏት።

«የስ።»

«‹ማረሻችሁን› ነው፤ ‹ማረሻቹን› አይደለም። ‹ሠራው› ደግሞ በንጉሡ ሠ ነው። አስተማሪ ነበርኩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ፊደሉ ይታረም» ብለው ወጡ። ልጄ ያንኑ ዕለት ከክፈፉ አውጥታ አረመችው።

በሚቀጥለው ዓመት ዌርሃውሱን ተውኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የብየዳ ክላስ ጀመርኩ። ለሰው ስናገር ደመወዙ ይሻላል እላለሁ፤ እሱም እውነት ነው። የመጀመሪያ ቀን ጭምብሉን አድርጌ ብረቱ ሲቀልጥ ሳይ ግን ደመወዝ ትዝ አላለኝም። አስተማሪው ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ እጄን እያየ «ይሄን ከዚህ በፊት ሠርተሻል» አለኝ። «አልሠራሁም» አልኩት። «አባቴ ይሠራ ነበር። ለሴት አያስተምሩም።» ራሱን ነቀነቀና ሌላ ብረት አቀበለኝ። ጨርሼ የጭነት ተጎታች የሚጠግን ጋራዥ ገባሁ። ቅዳሜ ደግሞ የራሴን ሥራ ጀመርኩ፤ ቤክስሊ የሚባል ሰፈር ለአንድ አሮጊት የደጃፍ መደገፊያ ብረት ሠራሁ፣ እሷም ለጎረቤቷ ነገረች፤ እንዲህ እያለ ሥራው መጣ።

ከዚያ በኋላ በመጣው በጋ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የእትዬን ሱቅ የኋላ ብረት በር መታው። ማጠፊያዎቹ ተገንጥለው በሩ አልዘጋ አለ። ሠሪ ቢፈልጉ ቀጠሮው ሩቅ ሆነባቸው። ከፋሲካው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮል አደረጉልኝ።

«ስለ በሩ ነው የደወልኩት» አሉ፣ ሰላምታም ሳይሰጡኝ። «ወንድሜ ብረት ትሠራለች ብሎኛል።»

«እሠራለሁ እትዬ። ገንዘብ አልቀበልም። ምሳ ግን እበላለሁ፤ ከእርስዎ ጋር፣ ከአንድ ትሪ።»

ስልኩ ውስጥ የሱቁ ፍሪጅ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

«ነይ» አሉ።

ቅዳሜ ሄድኩ። የታችኛውን ማጠፊያ ቆርጬ፣ አቃንቼ፣ በየድኩት። ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን እትዬ በኋላ በር ወጡ። እጃቸው ላይ አንድ ሰው የሚበላበት የወረቀት ሳህን አለ፤ እንጀራው ተጠቅልሎ፣ ወጡ ከላዩ። ተበልቶበት የሚጣለው ዓይነት ሳህን ነው። የተለየው ቅል ነው፤ መስበር እንኳ አያስፈልገውም።

ጓንቴን አውልቄ ሳህኑን ተቀበልኩና ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት።

«ከአንድ ትሪ ነበር ያልነው እትዬ።»

«ይሄ ምን አለው? አዲስ ነው፤ ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕነቱን አያለሁ። ከበላሁበት በኋላ የሚጣለው ለምንድን ነው?»

የብየዳ ማሽኑን አጠፋሁት። በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አልሄድኩም፤ አልሠራሁምም። እትዬ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። በራቸውን ግማሽ ላይ ትቼ መቀመጤ ክፋት እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ያን ቀን መዶሻውን ጥሎ ቢቀመጥ ኖሮ ግን አገሩ በምን ያርስ እንደነበር ሳስብ፣ ለመነሣት እግሬ እሺ አላለኝም።

ገቡ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸው ከውስጥ መጣ።

«ምግቡ ይቀዘቅዛል!»

ስገባ የሽሮ ካርቶን ላይ አንድ ትሪ ቀርቧል፤ በሁለት በኩል ወንበር። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። እትዬ አማተቡ። ለእግዚአብሔር ይሁን ስለ እኔ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። በእሳቸው በኩል ትንሽ ቆርሰው ጎረሱ። ቀጥሎ ትንሽ ተለቅ ያለ። እጄን አዩ፤ ጥፍሬ ሥር የብረት ጥላት አለ። ጎረሱ።

«ጨው በዝቶበታል?» አሉ።

«አልበዛበትም።»

የፊት በር ደወል ተደወለና አንዲት የማላውቃት ሴት በርበሬ ልትገዛ ገባች። እኛን ስታይ ቆመች፤ እኔን ታውቀኛለች፣ ዓይኗ ነገረኝ። እትዬ ይነሣሉ፣ እጃቸውን ይጠርጋሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ጠብቂኝ» አሏት ሳይነሡ። «እየበላን ነው።»

ሴትየዋ መደርደሪያ መደርደሪያውን እያየች ጠበቀች። እስከ መጨረሻው በላን። እትዬ ከዚያ ፋሲካ ወዲህ እስካሁን ቤቴ መጥተው አልበሉም፤ ይቅርታም አላሉኝም፤ እኔም ሥዕሉን አላወረድኩም። ያን ቀን ትሪውን ራሳቸው አንስተው ወደ ማጠቢያው ሲሄዱ «ከሰዓት ዕቃ ይመጣልኛል፣ ቶሎ ጨርሽልኝ» አሉኝ። ወጣሁ፤ ጭምብሌን አደረግኩና የላይኛውን ማጠፊያ ጀመርኩ።